ዳንቴል ላይ የተቀመጠው ዘይት

የሞተር ዘይቱ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ላይ ተቀምጧል፤ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ቢጫ ጄሪካን፣ ክዳኑ ወርቅማ፣ እህቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተነጥፎለት በመስኮቱ ሥር ባለችው ጥግ እንደ ክቡር እንግዳ ተጎልቷል። ያቺ ጥግ ድሮ ባዶ አልነበረችም፤ ምን እንደነበረባት ግን አሁን ትዝ አይለኝም። እኔ ደግሞ የዚህ ቤት የጭነት መኪና ሾፌር ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ፣ የቤቲቱ እመቤት የእናቷ ልጅ፣ በሁለት እጄ ዘይት የጠጣ ካርቶን ተሸክሜ "ጫማህን!" ተብዬ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው የጫማ ክር በምን እንደሚፈታ የጠየቀልኝ የለም።

"ካርቶኑን ወዲያ! ምንጣፉን ልታበላሽብኝ ነው?" አለ የእህቴ ባል ከሶፋው ሳይነሳ።

"ጋሼ፣ እንዲያዩት ብዬ ነው። ይኼ ሁሉ የአንድ ሌሊት ነው።"

"ከውጭ ሆነህ አሳየኝ።"

ከውጭ ሆኜ አሳየሁት። የካርቶኑን ነገር ላስረዳችሁ። እኔ መኪና ሳቆም እንደ ሌላው ሾፌር በሩን ገጭ አድርጌ አልሄድም። ሞተሯ ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ጠዋት ካርቶኑን አውጥቼ አያለሁ፤ የት ጋ አንጠባጠበች፣ ስንት ጠብታ፣ ቀለሙስ ምን መሰለ። መኪናዋን እሜቴ ነው የምላት፤ ትዳሬ ፈርሶ እሷ አልፈረሰችም፣ ክብር ይገባታል። ይህ ዘይት እስኪገባ ድረስ የእሜቴ ካርቶን ቢበዛ ሁለት ሦስት ጠብታ ነበር የሚታይበት። ያን ቀን ጠዋት ግን ካርቶኑን ሳነሳው ከመሃሉ ርሶ ተቦጨቀና ግማሹ መሬት ቀረ። ልቤ ስንጥቅ አለች። መኪና ስትታመም እንደዚህ የምሆነው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሰው እንኳ እንዲህ አልሆንም።

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ሊቀመንበር ይለዋል። የምን ሊቀመንበር ብትሉ፣ የሳሎኑ። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ "ስብሰባውን አንተ ምራ" ያለው አልነበረም፤ ቂሙን የተወጣው በእኛ ላይ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ስብሰባ የሚሆን ነገር የለም። የበሩ ቀለም በስብሰባ ነው የተመረጠው። የእንግዳ ፎጣ መቼ መቼ እንደሚታጠብ በስብሰባ ተወስኗል። እሱ በማንኪያ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ይከፍታል፤ እህቴ ጸሐፊ ሆና በትልቅ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ የሱ አጎት ከሶፋው ጫፍ ላይ ሆነው እያንቀላፉ "እደግፋለሁ" ይላሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ በዚህች ተረት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን በልቻለሁ። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ "ቃለ ጉባኤው እንደተነበበ ይቆጠር" ይላል፣ ሁላችንም ወረፋ ይዘን እንፈርማለን። ማንም አንብቦ አያውቅም። እሱ ከፈለገም አይችልም፤ ዓይኑ ቅርቡን ጨርሶ፣ ሩቁንም አጥርቶ ማየት ካቃተው ስድስት ዓመት አልፎታል፣ መነጽር ግን "ሽማግሌ ያስመስላል" ብሎ አያደርግም። ሽማግሌ እኮ ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን "አንተ" ነው፣ አሁንም በሆዴ ነው የማወራችሁ።

ካርቶኑን ዓይኑን አጥብቦ አየው፣ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አየው። ምንም እንዳልታየው ገባኝ። ጣቱን ወደ ጄሪካኑ ቀሰረ።

"ባለፈው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ ሰጠሁህ። ትናንት ሁለት። ዛሬ ካርቶን ይዘህ መጣህ። ይህ ዘይት ምን ዓይነት ዘይት ነው?"

"ሲንተቲክ ነው፣ ጋሼ።"

"ይጎድላል?"

"እሱስ አይጎድልም ነበር፤ ግን ከፈሰሰ..."

"አይጎድልም! የማይጎድል ነገር ከጎደለ ቤቱ ውስጥ ሌባ አለ ማለት ነው። ካርቶን ላይ አንድ ብርጭቆ ደፍቶ የቀረውን መሸጥ ለማን ይከብዳል?"

ማድ ቤት ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። እህቴ እየሰማች ነው። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ደሜ ፈልቶ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፣ አፌ ግን ለምዶበታልና ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የሳህኑ ድምፅ እንደገና ተጀመረ።

"ስምንት ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ አለ" አለ ሊቀመንበሩ። "አጀንዳ አንድ፣ የመኪናው ቁልፍ። አጀንዳ ሁለት፣ የኋላው ክፍል። መካኒኩንም ይዘህ ና፤ ምስክር ሆኖ ይፈርማል።"

የኋላው ክፍል የኔ ቤት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በሚስማር የተንጠለጠለ ሸሚዝ፣ ከግድግዳው ጀርባ የጎረቤት ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጎራጉር የሚሰማባት ክፍል ናት። ቁልፉን ካስረከብኩ ሥራ የለኝም፣ ክፍሏን ካስረከብኩ መግቢያ የለኝም፣ ሌባ ተብዬ ከወጣሁ ደግሞ በዚህ ከተማ ቁልፍ የሚሰጠኝ ባለ መኪና አይገኝም። ሾፌር ዘይት ሸጠ ከተባለ አለቀለት፤ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ነው ጋራዥ የሚደርሰው። ጫማዬን አሰርኩና ካርቶኑን ጋቢና ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። መለኪያ ዘንጓን ሳወጣ ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ስለነበር፣ ከኪሴ ገዝቼ ጨመርኩ። ሌባው ከኪሱ የሚሞላበት አገር ይኸውላችሁ።

ይህ ዘይት ወደ ቤታችን የገባው በሰርግ ነው። ከአንድ ወር በፊት ሊቀመንበሩን ሰርግ ላይ አሥራ አንድ የጭነት መኪና ካለው ሰውዬ አጠገብ አስቀመጡት። ሰውየው ሥጋ እያኘከ "እኔ መኪናዬን ከሲንተቲክ ሌላ አላስነካም፤ ተራ ዘይት የድሃ ነው" አለው አሉ። በቃ! ሊቀመንበሩ ያን ቀን የበላው ሆዱ ውስጥ አልረጋም። በማግስቱ ማንኪያው ተመታ። መካኒኩ ባለሙያ ተብሎ ተጠርቶ ነበርና ሳሎን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቅባት እንዳይታይ እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ አስረዳ። "ዘይቱ ጥሩ ነው፤ የሚወጣለት የለም። ግን መኪናዋ አርጅታለች። የሞተሯ ማሸጊያ ጎማዎች ደርቀዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል። እስከ ዛሬ የያዛት የዓመታት ቆሻሻ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ጋግሮ ደፍኖታል። ይሄ ዘይት ያጥባል። ሲያጥብ ቆሻሻው ይለቃል፣ ያኔ ትፈሳለች። መጀመሪያ ማሸጊያዎቹን እንቀይር፣ ከዚያ ዘይቱን።" ሊቀመንበሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዘይቱ ውድ ስለሆነ ጎማውን ራሱ ያድሰዋል። ጎማው ይቆየን።" አጎት "እደግፋለሁ" አሉ። እኔ መካኒኩ ልክ መሆኑን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። አልተናገርኩም፤ ፈረምኩ።

ዘይቱ የተቀየረ ዕለት ደግሞ ጉድ ነበር። ሊቀመንበሩ የስብሰባ ኮቱን፣ ያቺን ክሬም ቀለም ያላትን፣ ለብሶ ጋራዥ መጣ። አሮጌው ዘይት ጥቁር ሆኖ፣ ወፍሮ፣ እየተጎተተ ሲወርድ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። አዲሱን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሱ ካልጨመርኩ ብሎ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር፣ እሜቴን ሳስነሳት ድምፅዋ ቀንሶ፣ ለስልሶ፣ እኔ ራሴ ደንግጬ ነበር። "ሰማህ?" አለኝ። ሰማሁ። ዳገቱን ያለ ወትሮዋ ሳታጉረመርም ወጣችው። ለአሥር ቀን ያህል ሊቀመንበሩ ልክ ነው መሰለኝ፣ አፈርኩም። በአሥራ አንደኛው ቀን ካርቶኑ ላይ አምስት ጠብታ አገኘሁ።

ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ካርቶኑን ተቀብሎኝ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ይህ ሰውዬ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር የሚጣላ፣ ግን በሥራው የማይዋሽ፣ የኔ ዕድሜ እኩያ ነው። መኪናዋ ሥር በጀርባው ተንሸራቶ ገባና እግሩ ብቻ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ከሥር ሆኖ የሚናገረው ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን ሰደበ፣ ቀጥሎ አሥራ አንድ መኪና ያለውን ሰውዬ ሰደበ፣ ቀጥሎ እኔን።

"አንተ ምን ሆነህ ነው ያልተናገርከው?" አለኝ ወጥቶ እጁን በናፍጣ እየታጠበ። "ባለ መኪናው አያውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ያን ቀን ሳየህ ሳየህ፣ ጭራሽ ጣሪያ ጣሪያ ታያለህ።"

"እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል ብለህ ነው?"

"እሱን ተናግረህ እየው ነበር። ይኸው የፊተኛው ማሸጊያ ሙልጭ ብሎ ታጥቧል፣ ስንጥቁ በዓይን ይታያል። ዘይቱ ምን አጠፋ? አጥብ ተባለ፣ አጠበ።"

ስርቆቱን ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ከኔ ይልቅ እሱ ነው የተናደደው። ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና ጋቢና ገብቶ ቁጭ አለ። በመንገድ በየመብራቱ ስንቆም ከሥራችን ጠብ፣ ጠብ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ ክሬም ኮቱን ለብሶ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት "የመስክ ምልከታ" አለ ተባለ። ከቴሌቪዥን ሳጥን ላይ አዲስ ካርቶን ራሱ ቆርጦ፣ እኔ እንዳልጠጋ በእጁ እየከለከለ፣ ሞተሩ ሥር አስገባ። ሞተሩ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ይቁም ተባለ። አጎት በሌላ ወንበር ተደግፈው ተቀመጡ። እህቴ መዝገቡን በደረቷ ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆመች። እኔ አራት እርምጃ ርቄ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ተከሳሽ። ተከሳሽም ነበርኩ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ጀመረች። ጠብ። ትንሽ ቆይታ ጠብ። ከዚያ ቆጠራው አስቸገረ። አጎት እንኳ በእንቅልፋቸው መሃል ብድግ ብለው "ምን ይንጠባጠባል?" አሉ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

"የታለ? ምንም የለም እኮ!"

መኪናዋ ሥር ጨለም ያለ ነው፣ ካርቶኑ ቡናማ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ የሱ ዓይን ነው። ተነሳ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ፣ ግራ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ መሬቱን ተደገፈና ጭንቅላቱን አጋደለ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ክርኑ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ስታርፍ መካኒኩ አፉን ከፈተ፤ እህቴ ከደረጃው ላይ ሆና ጭንቅላቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ነቀነቀችበት። አፉን ዘጋ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና በአሸናፊ ድምፅ "ደረቅ ነው" አለ። ክሬም እጅጌው ላይ የመዳፍ ያህል ጥቁር ዘይት እየሰፋ ነበር።

ሳሎን ገባን። መካኒኩም እኔም ጫማችንን አወለቅን፤ የሱ ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፣ የኔ ተረከዙ ጋ። ሊቀመንበሩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግራ ክርኑን መደገፊያው ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ አሳረፈ። ጨርቁ ዘይቱን ሲጠጣ ሁላችንም አየን። ለሃያ ዓመት ፍርፋሪ እንዳያርፍበት ሲጮህበት የኖረ ሶፋ ነው። ማንኪያው ሦስት ጊዜ መታ መታ ተደረገ።

"ጻፊ" አለ። "በመስክ ምልከታ ዘይት እንደማይፈስ ተረጋግጧል። ስለሆነም የጎደለው ዘይት በሾፌሩ የተወሰደ ነው። ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍና የኋላውን ክፍል ዛሬውኑ ያስረክብ። የሚደግፍ?"

"እደግፋለሁ" አሉ አጎት።

"የሚቃወም?" አለና ወደኔ እንኳ አላየም። ለምዶበታል። "እኔ ሌባ አይደለሁም" ሦስት ቃል ናት፣ ግን እንደ ድንጋይ ከበደችኝ። የእህቴ ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። እሱ ከተናገረው በላይ ብዙ ጻፈች። ምን ይሆን ይሄን ያህል የምትጽፈው ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ሳስብ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ቃለ ጉባኤው እንደተነበበ ይቆጠር" አለ ሊቀመንበሩ፣ መዝገቡን ጭኑ ላይ ሳበና ባለ ሁለት ቀለበት ፊርማውን አኖረ። ክርኑን ሲያነሳ የገጹ ጥግ ላይ ጥቁር ማኅተም ቀረ። አጎት ፈረሙ። መዝገቡ ለምስክር ተብሎ ለመካኒኩ ተሰጠው።

መካኒኩ ብዕሩን አልተቀበለም። "እኔ ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም" አለ።

"እንደተነበበ ተቆጥሯል እኮ!"

"ማን ቆጠረው? እኔ አልቆጠርኩም። ወይ ይነበብ፣ ወይ ያለኔ ጨርሱት።"

ያለ ምስክር ደግሞ አይሆንም፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ፊቱ ቀላ። "እሺ፣ አንብቢለት፣ ቶሎ በይ" አላት እህቴን። እህቴ መዝገቡን ተቀብላ ቆመች። በሳሎን ውስጥ ቆማ ስታነብ ሰምቼ አላውቅም፤ ድምፅዋ እንዲህ ወፍራም መሆኑንም አላውቅም ነበር።

"ሊቀመንበሩ መኪናው ሥር ተንበረከኩ። በግራ ክርናቸው ላይ ዘይት ተንጠባጠበ። አላዩትም፣ ምክንያቱም ዓይናቸው አያይም። በቦታው የነበርነው ሁሉ አይተናል። ሊቀመንበሩ ደረቅ ነው አሉ። ዘይቱ አሁን ሶፋው ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ሾፌሩ ሌባ ነው እንድል አዘዙኝ። አጎት ደገፉ። ሾፌሩ ዝም አለ።"

ሊቀመንበሩ ክርኑን ቀስ ብሎ አነሳ፣ በቀኝ እጁ ዳሰሰው፣ ጣቶቹን አሸታቸው። ጥቁር የሆነውን ነጭ ጨርቅ በእጁ ነካ። እህቴ አልጨረሰችም፤ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጣ ቀጠለች። "ከአንድ ወር በፊት። መካኒኩ ማሸጊያዎቹ ካልተቀየሩ ዘይቱ ይፈሳል ብለው አስጠነቀቁ። ሊቀመንበሩ፣ ዘይቱ ውድ ስለሆነ ጎማውን ያድሰዋል፣ ጎማው ይቆየን አሉ። ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ብዬ ብጠይቅ፣ እኔ አሉ። ፊርማ አለ።"

"ይሄን መቼ ፈረምኩ?"

"ይኸው፣ አንብበው" አለችና መዝገቡን ሰጠችው። አቀረበው፣ አራቀው፣ እስከ ክንዱ ጫፍ አራቀው፤ ክንዱ አልበቃውም። ለአጎት አቀበላቸው። አጎት ገጹን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ግራ ገባቸው። ሊቀመንበሩ ኮቱን አወለቀና በእጁ ጠቅልሎ ብድግ አለ። ይቅርታ ይላል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ሊቀመንበርን አታውቁትም።

"ስብሰባው..." አለ፣ ማንኪያውን ፈልጎ አጣው፣ "አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።"

"እደግፋለሁ" አሉ አጎት፣ በዚያ ቀን ካሉት ሁሉ ይልቅ ደስ እያላቸው።

ሊቀመንበሩ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ክፍሌም ክፍሌ ናት። መካኒኩ "ማሸጊያዎቹን ነገ እጀምራለሁ፤ ይቺም ቦታዋ እዚህ አይደለም" ብሎ ጄሪካኑን ከዳንቴሉ ላይ አንስቶ በባዶ እግሩ ይዞት ወጣ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። ሶፋው ላይ፣ ሊቀመንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ማንም ሳይጋብዘኝ ተቀመጥኩና መዝገቡን ሳብኩ። ላነበው፤ የሱን ጉድ ዓመት በዓመት እያጣጣምኩ ላነበው። የፎጣውን ስብሰባ አገኘሁ፣ ሳቅሁ። የበሩን ቀለም አገኘሁ፣ አጎት በህልማቸው ሁለት ጊዜ እንደደገፉ ተጽፏል፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እህቴ ዳንቴሉን ልታጥበው አነሳችው። ዳንቴሉ የነበረበት ምንጣፍ ላይ የከባድ ነገር እግር ያረፈባቸው አራት ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። እነሱን እያየሁ ገጽ ገለጥኩ።

ጽሑፉ የአሥራ አንድ ዓመት ነው። "ሊቀመንበሩ የጸሐፊዋ የልብስ ስፌት መኪና ተሸጦ ለጭነት መኪናው ሁለት የፊት ጎማ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ፣ የእናቴ ነው፣ የምሠራበትም እሱ ነው፣ አይሸጥም አለች። አጎት ደገፉ። ጸሐፊዋ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ዝም አለ። ጸድቋል።" ከሥሩ አራት ፊርማ አለ። አራተኛው የኔ ነው፤ ጅራቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ አሳምሬ ነው የፈረምኩት። በነዚያ ጎማዎች አራት ዓመት ነድቻለሁ። እንዴት ያሉ ጎማዎች ነበሩ፣ መንገድ ይይዛሉ እያልኩ ለሾፌር ሁሉ አውርቻለሁ።

ቀና ስል እህቴ ዳንቴሉን ይዛ ጥጓ ላይ ቆማለች።

"እትዬ" አልኳት፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

ዳንቴሉን ለሁለት አጠፈችው፣ ደግማ ለአራት አጠፈችው።

"ፈርመህበታል እኮ" አለችኝ።